ስንተኛ ወጣሽ? የልጆች የክላሲካል ሙዚቃ ፌስቲቫል ምንድን ነው፣ ለምንስ እየከበደው መጣ?

ቶሮንቶ ወይም ለንደን የሚኖር ቤተሰብ ልጁን ፒያኖ ያስተምራል እንበል። አስተማሪዋ አንድ ቀን "ፌስቲቫል ላስመዝግባት?" ትላለች። እሺ ይባላል። ለኛ ፌስቲቫል ሲባል የሚመጣልን መድረክ፣ መብራት፣ ድምፅ ማጉያና ሕዝብ ነው። ስለዚህ አያት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አጎት ስልኩን ቻርጅ አድርጎ፣ ሁሉም ተሰብስቦ ይሄዳል።

ሲገቡ የሚያገኙት ሌላ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ጎን ያለ አዳራሽ። ቢበዛ ሠላሳ ሰው። አንድ ፒያኖ። መሃል ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ መብራት፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ደግሞ ቀና ሳይሉ በእርሳስ የሚጽፉ አንድ ሰው። አሥራ ሁለት ልጆች ተራ በተራ ወጥተው ያንኑ ሙዚቃ ይጫወታሉ፣ እጅ ነስተው ይወርዳሉ። አዎ፣ አሥራ ሁለቱም ያንኑ። አጎት ስልኩን ሲያወጣ በር ላይ የቆሙት ሴትዮ መጥተው መቅረጽ ክልክል ነው ይሉታል። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ወረቀት ይዛ ትመጣለች። የሚጠብቃት ጥያቄ የታወቀ ነው፦ "ስንተኛ ወጣሽ?"

ግራ መጋባቱ የኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝም ካናዳም የፌስቲቫሉ ወቅት በመጣ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። ይሄ ነገር ውድድር ነው ወይስ ትምህርት? ልጅን ያሳድጋል ወይስ ያስጨንቃል? በቅርብ ዓመታት ሌላም ተጨምሮበታል፦ ትናንሽ ፌስቲቫሎች ለምን ይዘጋሉ፣ የቀሩትስ ለምን ወደ ቪዲዮ ያዘነብላሉ? መልሱ ያለው አዳራሹ ውስጥ ከሚሆነው ነገር ላይ ነው፤ ግን መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቃል እናጥራ።

ቃላቱ

"ክላሲካል" ከሚለው እንጀምር። አዲስ አበባ ሬዲዮ ላይ "አሁን አንድ ክላሲካል እንጋብዛችሁ" ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ድምፃዊ የሌለበት ትዝታ ወይም ባቲ ነው። በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ማለት ሆኗል፤ በዚያ አጠራር ስህተት የለበትም። እዚህ የምናወራበት ክላሲካል ግን በኖታ የተጻፈው የአውሮፓ ሙዚቃ ነው፤ የባኽ፣ የሞዛርት፣ የሾፓን ዓይነቱ። (የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች በሁለቱም ትርጉም ያስኬዳሉ፣ ግን እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው።)

"ፌስቲቫል" ደግሞ በእንግሊዝና እንግሊዝ በገዛቻቸው አገሮች የአማተር ሙዚቃ ዓለም የተለየ ትርጉም አለው። አንድ ከተማ ውስጥ በዓመት አንዴ፣ ለቀናት ወይም ለሳምንታት፣ ልጆችና አማተሮች ፊት ለፊት ተጫውተው ከባለሙያ አስተያየት የሚቀበሉበት ዝግጅት ነው። ባለሙያው "አድጁዲኬተር" ይባላል። በአማርኛ ዳኛ ከማለት ሌላ የቀረበ ቃል የለንም፤ ግን ሥራው ከዳኛ ይልቅ ወደ የኔታ ይጠጋል። ተማሪውን አስነብበው እዛው ጓደኞቹ ፊት እንደሚያርሙት የኔታ። "ክላስ" የሚሉት ደግሞ ምድብን ነው፦ ፒያኖ ከ10 ዓመት በታች፣ ቫዮሊን ከ14 ዓመት በታች፣ እያለ ይቀጥላል።

ከደረጃ ፈተናም ጋር አይምታታ። በ1889 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቋቋመው የእንግሊዙ ኤቢአርኤስኤም ስምንት የሙዚቃ ደረጃዎችን ይፈትናል፤ የካናዳው ሮያል ኮንሰርቫቶሪም የራሱ አለው። ፈተናው ታዳሚ የለውም፤ የሚሰማው ፈታኙ ብቻ ነው። ፌስቲቫሉ በሩ ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ ይሰማል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም።

ነገሩ ከየት መጣ

ሥሩ ዌልስ ነው። "አይስቴድቮድ" የሚባለው የዌልስ የግጥምና የሙዚቃ ውድድር እስከ 1176 ድረስ ወደ ኋላ ይቆጠራል። ጆን ስፔንሰር ከርወን የተባለ እንግሊዛዊ ይሄን አይቶ በ1882 በምሥራቅ ለንደን፣ ስትራትፎርድ በሚባለው የሠራተኛ ሰፈር፣ ተመሳሳይ ውድድር ጀመረ። ሰፈሩን ልብ በሉ። የከርወን አባት በዶ ሬ ሚ ፊደላት ሙዚቃ ማንበብን ለተራው ሕዝብ ያስፋፋ ሰው ነበር። ኖታ ያልተማረ ሠራተኛ ማታ ማታ በኅብረት እንዲዘምር ያደረገው ያ ዘዴ ነው፤ ልጁ ደግሞ ያ ሁሉ የሠለጠነ ዘማሪ የሚገናኝበትን መድረክ ፈጠረ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1885፣ በሰሜን እንግሊዝ ኬንዳል አካባቢ ሜሪ ዌክፊልድ የምትባል ሴት ሌላውን ግማሽ አመጣች። የባንክ ባለቤት ልጅ ናት። ጎበዝ ዘፋኝ ነበረች፤ ግን በዚያ ዘመን በዚያ ደረጃ ላለች የቤት ልጅ መድረክ ላይ ተከፍሏት መዝፈን ነውር ስለነበር ሙያዋ አላደረገችውም። ያንን ጉልበቷን በየመንደሩ መዘምራን ላይ አዋለችው። ሐሳቧ ቀላል ነው። የየመንደሩ ኳየር ያንኑ ሙዚቃ ለወራት ያጠናል፣ ቀን ላይ ይወዳደራል፣ ማታ ላይ ሁሉም አንድ ላይ ሆኖ ይዘምረዋል። ማለትም ፉክክሩ ለማታው ኮንሰርት ማዘጋጃ ነበር። የላይኛው መንደር የታችኛውን ለመብለጥ ሲል ልምምድ አይቀርም። ማታ ግን ሁለቱ መንደሮች ጎን ለጎን ቆመው በአንድ ድምፅ ይዘምራሉ። በስሟ የሚካሄደው ፌስቲቫል እስከ ዛሬ አለ።

ነገሩ በፍጥነት ተዛመተ። ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ኤድዋርድ ኤልጋር በ1903 ሞርካም በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የተካሄደውን ፌስቲቫል ካየ በኋላ፣ የአገሪቱ የሙዚቃ ሕይወት ማዕከል ለንደን ሳይሆን ወደ ሰሜን ነው ብሎ ጽፏል። በ1921 ፌስቲቫሎቹ የጋራ ማኅበር አቋቋሙ። ካናዳ ውስጥ የመጀመሪያው በ1908 ኤድመንተን ላይ ተደረገ። ሆንግ ኮንግ የትምህርት ቤቶችን የሙዚቃ ፌስቲቫል ከ1949 ጀምሮ ታካሂዳለች።

ቶሮንቶ ላይ ደግሞ በ1944 ኪዋኒስ የሚባለው የበጎ አድራጎት ክለብ የራሱን ጀመረ። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት የፒያኖውን ዋንጫ የወሰደው የ11 ዓመት ልጅ ግሌን ጉልድ ይባላል። በኋላ የዓለም ዝነኛ ፒያኒስት የሆነው እሱ ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን፤ ምክንያቱም ትልቅ ሲሆን የውድድር ጠላት ሆኗል።

አዳራሹ ውስጥ

አሁን ያቺን ጠረጴዛ ቀረብ ብለን እንያት።

ልጅቷ ከመጫወቷ በፊት የኖታ መጽሐፏ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ባሮቹ፣ ማለትም ሙዚቃው በኖታው ላይ የሚከፋፈልባቸው ትንንሽ ክፍሎች፣ በእርሳስ ተቆጥረው ነው የሚቀርቡት፤ ዳኛው "ባር 17 ላይ ግራ እጅሽ ከበደ" ብሎ መጻፍ እንዲችል። መጽሐፉ የተገዛ መሆን አለበት። ፎቶ ኮፒ ይዞ መቅረብ በደራሲ መብት ሕግ ምክንያት በብዙ ፌስቲቫሎች ከውድድር ውጪ ያስደርጋል። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ነው የሚደናገጠው፣ ለወራት ያጠናችው ልጅ በኮፒ ምክንያት ማርክ ሳይሰጣት ስትቀር።

ዳኛው እየሰማ ይጽፋል። ጊዜ የለውም። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሙዚቃ ሲያልቅ ገጹም መሙላት አለበት። አጠገቡ አንድ በጎ ፈቃደኛ ቁጭ ብሎ ወረቀት ያቀብላል፣ ስም ያጣራል፣ ቀጣዩ እንዲወጣ ምልክት ይሰጣል። ምድቡ ሲያልቅ ዳኛው ይነሳና ሁሉም ባሉበት ይናገራል። ጥሩ ዳኛ እዚህ ላይ ይለያል። ፒያኖው ጋ ሄዶ "ሁላችሁም ይቺን ቦታ እንዲህ ተጫወታችኋት፣ እንዲህ ብትሆንስ?" ብሎ ራሱ ያሳያል። የአሥራ አንዱ ልጅ ስህተት ለአሥራ ሁለተኛው ትምህርት ይሆናል። ያንኑ ሙዚቃ አሥራ ሁለት ጊዜ የሚያሰሙበት ምክንያትም ይሄ ነው። ለአያት አሰልቺ ነው፣ አይካድም። ለልጅቷ ግን ያ ዜማ አሥራ አንድ ሌላ መልክ እንዳለው የምትሰማበት ብቸኛ ቀን ነው። አስተማሪዋ ቤት አንድ መልክ ብቻ ነው የምታውቀው።

ማርኩ ለምን ሁሌ ሰማንያ ምናምን ነው?

በብዙ ፌስቲቫሎች ማርኩ ከ75 በታች እምብዛም አይወርድም፣ ከ90 በላይም ብርቅ ነው። ስለዚህ ከመቶ ይመስላል እንጂ በተግባር ከአሥራ አምስት ነው። በ84 እና በ87 መካከል ያለው ክፍተት ትልቅ ነው። በትምህርት ቤት ማርክ የለመደ ወላጅ 82 ሲያይ "መጥፎ አይደለም" ይላል፤ 88 ሲያይም "መጥፎ አይደለም" ይላል።

ደረጃው ደግሞ በዚያ ቀን በዚያ ክፍል ከነበሩት ጋር ብቻ ነው። ሦስት ልጅ ባለበት ምድብ ሦስተኛ መውጣትና ሃያ ባለበት ሦስተኛ መውጣት አንድ አይደለም። እኛ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ካርዳችን ላይ ደረጃ ተጽፎልን ያደግን ሰዎች ነን። "ስንተኛ ወጣሽ" ከአፋችን የሚወጣው ሳናስበው ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ግን ማን ያነበዋል?

ይቅር የሚሉና ይቆይ የሚሉ

ውድድሩ ይቅር የሚሉት ወገኖች ክርክር ቀላል አይደለም። ሙዚቃ ሩጫ አይደለም፤ ማን ቀድሞ እንደገባ የሚያሳይ መስመር የለውም። ሁለት ዳኞች በአንድ አጨዋወት ላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ማርክ የሚያሳድድ ልጅ አደጋ የሌለበትን፣ ማንንም የማያስቀይመውን አጨዋወት ይማራል። ግሌን ጉልድ በ1966 በጻፈው የከረረ ጽሑፍ ያለው ባጭሩ ይሄንን ነው፦ ውድድር የተለየ ሐሳብ ያለውን ይቀጣል፣ ማንንም የማይቆረቁረውን ይሸልማል። የገረመኝ ግን እዚያው ጽሑፍ ውስጥ የልጅነቱን የካናዳ ፌስቲቫሎች ሲያነሳ ቁጣው ይበርዳል። ከእንግሊዝ የሚመጡትን ዳኞች ይቀልድባቸዋል እንጂ አይረግማቸውም። የሚዋጋው ትልልቆቹን ዓለም አቀፍ ውድድሮች ነው፣ የአንድ ሰው የሙያ ሕይወት በአንድ ማታ የሚወሰንባቸውን።

ይቆይ የሚሉት ደግሞ ቀን ካልተቆረጠ ልጅ አያጠናም ይላሉ። ማርች 12 ቀን ጠዋት 9፡40 ላይ ሰው ፊት ትጫወቺያለሽ ሲባል ከገና በፊት የተጀመረው ሶናቲና (አጠር ያለ የመሣሪያ ሙዚቃ) መጨረሻው ድረስ ይጠናል። ካልሆነ የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ያምራል። ይሄን የሙዚቃ አስተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

እኔ ሲመስለኝ ሁለቱም ወገን አንድ ነገር ይስታሉ። ውድድሩ ሰው መሰብሰቢያ ነው፤ ትምህርቱ የሚሰጠው ለተሰበሰበው ነው። የዌክፊልድ መንደሮች ለዋንጫው ሲሉ መጥተው ማታ አብረው ዘመሩ። ደረጃውን ሙሉ በሙሉ ስታነሳው ልጆቹ ዘና ይላሉ፣ ግን የሚመዘገበው ሰው ሊቀንስ ይችላል። ደረጃው ሁሉን ሲውጥ ደግሞ ሆንግ ኮንግን ማየት ነው። እዚያ በዓመት ከ100,000 በላይ ተሳታፊ አለ። የፌስቲቫል ሰርተፍኬት ለጥሩ ትምህርት ቤት መግቢያ ማመልከቻ ውስጥ ስለሚገባ ብዙ ወላጅ የሚፈልገው ወረቀቱን ነው። የዳኛው ንግግር እዚያ የሚሰማው ሲያጣ አይገርምም።

ብዙ ቦታ የተገኘው መካከለኛ መንገድ ትንንሾቹን ያለ ደረጃ ማጫወት ነው። ሁሉም አስተያየት ይቀበላል፣ ማንም አንደኛ አይባልም። ትልልቆቹ ላይ ደረጃው ይቀጥላል። ካናዳ ውስጥ እንዲያውም ዳኛው ጎበዞቹን ወደ ክፍለ ሀገሩ ፌስቲቫል ያሳልፋል፣ ከዚያም ወደ ብሔራዊው፤ ብሔራዊው ከ1972 ጀምሮ አለ። የስምንት ዓመት ልጅን ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ መደርደር ግን ምን እንደሚጠቅም አይገባኝም።

ታዲያ ለምን ይዘጋሉ?

ብዙ ሰው "ወጣቱ ክላሲካል ስለማይወድ" ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ችግሩ ከዚያ ቀድሞ የሚጀምረው በር ላይ ከሚቆሙት ሰዎች ነው።

የአንድ ሰፈር ፌስቲቫል ገቢ የመመዝገቢያ ክፍያ፣ የበር ትኬትና ጥቂት ለጋሾች ናቸው። ወጪው አዳራሽ፣ ፒያኖ ማስቃኛ፣ የዳኛው ክፍያና ማደሪያ፣ ኢንሹራንስ። ሌላው ሥራ ሁሉ በነጻ ነው። በር ላይ የቆሙት ሴትዮ አይከፈላቸውም። ወረቀት የሚያቀብለው አይከፈለውም። ከሁሉም በላይ ፕሮግራሙን የምታወጣው ጸሐፊ አይከፈላትም። የእሷን ሥራ አስቡት። ጠዋት ቼሎ ከሰዓት ፒያኖ የሚጫወት ልጅ አለ፣ ሁለቱ አዳራሾች የተለያየ ሰፈር ናቸው፤ ስድስት ልጆችን የሚያጅበው አንድ ፒያኒስት አለ፣ ስድስቱም በተለያየ ምድብ። እሱ አንድ አዳራሽ ውስጥ እያለ ሌላው ጋ ሊጠራ አይችልም። ይሄን ሁሉ ለወራት ማታ ማታ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ የሚያስተካክል ሰው ነው ፌስቲቫሉን ያቆመው። እንዲህ ያሉት ሰዎች ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። አንዷ "ደከመኝ" ስትል የሚተካት ካልተገኘ ፌስቲቫሉ አለቀ። ገንዘብም ልጅም እያለ ሊያልቅ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ትምህርት ቤት ነው። ድሮ ትልቁን ሕዝብ የሚያመጡት የትምህርት ቤት ኳየሮች ነበሩ። አርባ ልጅ ያለው ኳየር ሲመጣ አርባ ቤተሰብ ትኬት ይገዛል። እንግሊዝ ውስጥ መንግሥት በ2010 የትምህርት ቤቶች መመዘኛ አድርጎ ባወጣው "ኢባክ" በሚባለው የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ ሙዚቃ አልነበረም። ትምህርት ቤት የሚለካበትን ያስተምራል፤ ለሙዚቃ የሚሰጠው ጊዜ ብዙ ቦታ ተጨመቀ። ኳየሩ ሲቀር አዳራሹን የሚሞላው ጠፋ። የቀረው ለግል አስተማሪ መክፈል የሚችል ቤተሰብ ልጅ ነው። በሠራተኛ ሰፈር የተጀመረው ነገር ቀስ እያለ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ነገር ሆነ።

በዚያ ላይ የልጆች ጥበቃ ሕጉ ጠብቋል። ከልጆች ጋር የሚሠራ በጎ ፈቃደኛ እንደ ሥራው ዓይነት የኋላ ታሪኩ ይጣራል፣ ቪዲዮ የሚከለከለውም በዚሁ ነው። ሕጉ ልክ ነው። ግን ለአንዲት ጡረተኛ ጸሐፊ ተጨማሪ ክምር ወረቀት ነው።

ቪዲዮው

በ2020 መጋቢት ኮሮና ሲመጣ ብዙ ፌስቲቫሎች መሃል ላይ ተቋረጡ። በቀጣዩ ዓመት ልጆች ሳሎናቸው ተጫውተው ቪዲዮ ላኩ፣ ዳኛው ቤቱ ሆኖ ጻፈ። ሠራ። ሩቅ ያለ ልጅም መግባት ቻለ። አዳራሽ አይከፈል፣ በር ላይ የሚቆም አይፈለግ። ስለዚህ አንዳንዶቹ በከፊል ቪዲዮ ላይ ቀሩ።

ግን ልጁ ሳሎን ውስጥ የሚልከው አሥራ አምስተኛውን ቅጂ ነው። የተሳሳተውን አጥፍቶ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ዕድል ብቻ ነው ያለው፣ በማያውቀው ፒያኖ። ፒያኒስት መቼም የራሱን መሣሪያ ተሸክሞ አይሄድም፤ ፔዳሉ የሚከብድ፣ ቁልፉ የሚንሸራተት፣ ያገኘውን መጫወት አለበት። ይሄ ራሱ የሚለመድ ነገር ነው። ቪዲዮ የላከው ልጅ ሌሎቹን አሥራ አንድ ልጆችም አይሰማም። ከፌስቲቫሉ የቀረው ማርክና ወረቀት ብቻ ሆነ፤ ማለትም ወደ ፈተና ተቀየረ። ፈተና ደግሞ ሌላ ቦታ በሽ ነው።

ወደፊት የሚታየኝ አጎራባች ከተሞች እየተዋሃዱ አንድ ፌስቲቫል ሲያደርጉ፣ ጀማሪዎች ላይ ደረጃው ሲቀር፣ ቪዲዮውም ለሩቅ ልጆችና ለማጣሪያ ሲቀመጥ ነው። የመመዝገቢያ ክፍያው መጨመሩ አይቀርም። ያ ደግሞ በመጀመሪያ የሚያስወጣው አዲስ የመጣውን፣ ሁለት ሥራ የሚሠራውን ቤተሰብ ነው።

ለሚመዘገብ ቤተሰብ

ምዝገባው የሚዘጋው ፌስቲቫሉ ከመድረሱ ከወራት በፊት ነው፣ ብዙ ቦታ በመኸሩ። ቫዮሊን ወይም ፍሉት ከሆነ አጃቢ ፒያኒስት ያስፈልጋል፤ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ከመመዝገቢያው ይበልጣል፣ ጎበዞቹም ቀድመው ይያዛሉ። መጽሐፉ ይገዛ። ልጃችሁ ተጫውታ ስትጨርስ ደግሞ ተነስታችሁ አትውጡ፤ ዳኛው የሚናገረው የመጨረሻው ልጅ ካበቃ በኋላ ነው፣ ወረቀቱም የሚታደለው ያኔ ነው። ቤት ስትደርሱ ባር 17ን አውጥታችሁ እንድትጫወትላችሁ ጠይቋት።